እርጥብ ጠፍር

ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክብርት ሮዳስ
ኦርሁስ፣ ዴንማርክ

አስቀድሜ ላሳደጉዎት አባትና እናት የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ በዕድሜም በውለታም ይቀድማሉና። ቀጥሎ አማርኛዎ እንዳይጠፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ላስተማሩዎት ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ ጸዳለ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ደብዳቤዎን ሳነብ አንድም ቃል አላደናቀፈኝም። ከዚያ በኋላ ለእርስዎ፦ እንደምን ሰነበቱ?

ደረበ ምንይችል እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ሥራ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን በዚህ በገንዳ ውሃ የእደ ጥበብ ሠሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ደብዳቤዎ ወደ እኔ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጠየቁኝን በቅደም ተከተል ልመልስ። አዎ፣ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ አሰፋች በሕይወት አሉ፤ ጤናቸውም ደህና ነው። የሚኖሩት መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ይሆናል፣ በሱዳን ድንበር ላይ። ሥራቸው አልጋ መጠፈር ነው። የተነከረ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ይተለተልና ጠፍር ይሆናል፤ ጠፍሩ በእንጨት አልጋ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሳባል፤ ሲደርቅ ሰው ይሸከማል። በእኛ ሙቀት ከዚህ የተሻለ መኝታ የለም፤ ነፋስ ከታችም ከላይም ያገኝዎታል። ድልድዩን ተሻግረው ከሱዳኗ ገላባት ድረስ የሚመጡ ገዢዎች አሏቸው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሁሉ ከባዱ ነበር፤ «ሊያዩኝ ይፈልጉ ይሆን?» ብለዋል። ለመልሱ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ደብዳቤዎን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ተነሡ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ቃሪያ ትበላለች?» መልሱን እየጠበቁ ናቸው።

በ1994 ዓ.ም. ስለ ተጻፈው ወረቀት የጠየቁኝን ግን በአካል ስንገናኝ ብነግርዎ እመርጣለሁ። ይቅርታዎን እለምናለሁ። የመምጫዎ ቀን ሲቆረጥ ማኅበራችን ተገቢውን አቀባበል ያዘጋጃል።

አክባሪዎ
ደረበ ምንይችል


ኦርሁስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሽ ደረበ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ለወላጆቼ ተረጎምኩላቸው። አባቴ ሰላምታው በዕድሜ ቅደም ተከተል መሆኑን ሲሰማ በጣም ደስ ብሎት ሁለቴ አስነበበኝ።

እባክዎ ለእናቴ ይንገሩልኝ፦ ቃሪያ እበላለሁ። ጎበዝ አይደለሁም፤ ግን እስክመጣ እለማመዳለሁ። እርስዎም እባክዎ አንቺ ይበሉኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።

ስለ ሥራዬም ልንገርዎ። እኔም ከእናቴ ሥራ ብዙ አልራቅሁም፤ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። እዚህ የድሮ ወንበሮችን አድሳለሁ። መቀመጫቸው ከተገመደ የወረቀት ሲባጎ የተሠራ ነው፤ ሲባጎውን አጥብቄ በመሳብ ስም አለኝ። አሠሪዬ «የሮዳስ ወንበር ከበሮ ነው፣ ብትመቺው ይጮሃል» ይላል። ስለዚህ የጥናት ድጎማ ለጠየቅሁት ድርጅት «የአገሬን የአልጋ ሥራ ላጠና እሄዳለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስት ሳምንት ፈቀዱልኝ።

ለእርስዎ ግን እውነቱን ልናገር። የምመጣው ለጥናት ብቻ አይደለም። ያሳደጉኝ ወላጆቼ በጣም ይወዱኛል፤ የጎደለብኝ ነገር የለም። ከእናቴም ይቅርታ አልፈልግም፤ ምስጋናም አልፈልግም። የምፈልገው እንድታዘኝ ነው። እንደ ቤት ልጅ ሂጂ፣ ነዪ፣ ይህን አንሺ እንድትለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ በእሷ ቤት ውስጥ እንግዳ ሳልሆን መዋል እፈልጋለሁ። ሦስት ሳምንት ለዚህ ይበቃ ይሆን?

አቀባበሉን አመሰግናለሁ፤ ትንሽ ይሁን። ለእናቴስ ምን ይዤ ልምጣ?

ሮዳስ


ገንዳ ውሃ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክብርት ሮዳስ፣

እንኳን ለመጪው የልደት በዓል አደረሰሽ። እንዳዘዝሽኝ አንቺ ብዬሻለሁ፤ እጄ እስኪለምድ ክብርት የሚለውን ግን ተዪልኝ።

ለእናትሽ ምን ይዤ ልምጣ ላልሽው፣ ጠይቄአቸው «እሷን» ብለዋል። ሌላ ነገር ካልጨመሩ ብዬ ብጠብቅ አልጨመሩም። ጥሩ የቆዳ መቁረጫ ቢላ ብታመጪ ግን እንደማይጠሉት እኔ እመሰክራለሁ።

አቀባበሉን በሚመለከት፣ ትንሽ ይሁን ባልሽው መሠረት ድንኳኑን ከሁለት ወደ አንድ ቀንሰናል። ንግግር የሚያደርጉትም ሰባት ብቻ ናቸው። ከክብር እንግዶች፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከአገር ሽማግሌዎችና ከንግዱ ማኅበረሰብ ተወካዮች በቀር ማንም በፊተኛው ረድፍ አይቀመጥም። በስምሽ የተጻፈ ባነር ጎንደር ታዝዞ ተሠርቷል። እናትሽ በመርሐ ግብሩ ላይ በስምንተኛው ተራ ቁጥር ላይ ናቸው፤ በእጃቸው የጠፈሩትን አዲስ አልጋ በሕዝብ ፊት ያበረክቱልሻል።

ከጎንደር የሚያመጣሽ መኪና ጥር 13 ቀን ጧት ይጠብቅሻል። መንገዱ መልካም ይሁንልሽ።

ደረበ ምንይችል


መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሽ ደረበ፣

ስልኩ እምቢ ስላለ ይህችን በሚኒባሱ ሹፌር እጅ ልኬአለሁ። እንዴት ከረምሽ ብለው በላኩብኝ ወረቀት ላይ «ደህና» ብዬ ልመልስ ነበር፤ ከዚያ እርስዎን መዋሸት ነውር መሰለኝ።

ለአቀባበሉ አመሰግናለሁ። ያን ያህል ሰው ለእኔ ብሎ ፀሐይ ላይ መዋሉን መቼም አልረሳም። ነገር ግን ጋሽ ደረበ፣ በማይክሮፎኑ «የክብር እንግዳችን» ሲባል እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ መጣች፤ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ ጎንበስ አለች። እኔ እዚያው አቅፋታለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ሳስብ የኖርኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ ሁለት ባለሥልጣኖች እንመስላለን።

ቤትም እንደዚያው ነው። አዲሱ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ፤ እሷ ምንጣፍ ላይ። ስነሣ ትነሣለች። ስቀመጥ ቆማ ትጠብቃለች። መጥረጊያ ባነሣ ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ «ኧረ በማርያም ይቀመጡልኝ! ሰው አይቶ ምን ይለኛል?» ትለኛለች። ጠፍር ስትተለትል ላግዝሽ ብላት ቢላውን ጠቀለለችና ሥራውን አቋርጣ አጠገቤ ተቀመጠች። አምስት ቀን ሙሉ በእኔ ምክንያት ሥራ ፈታች።

ጎረቤታችን ሩፊዳ፣ ከገላባት ተሻግራ የመጣችው ሻይ ሻጯ፣ በአጥር እየተመለከተች ትስቅብኛለች። «ያ ብንት! አንቺ ልጅ!» አለችኝ ትናንት፤ «አስተዳዳሪው ሲመጣ ወንበር ነው የሚወጣለት። ላንቺ አልጋ ወጣ! ወላሂ አንቺ ትበልጫለሽ።» እናቴም «ዝም በይ አንቺ፣ እንግዳዬን አትንኪ!» ብላ ገሠጸቻት። ሩፊዳን ቀናሁባት። እሷ እንኳ ትገሠጻለች።

የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ለመሆኑ ሰው እንግዳ የሚሆነው ስንት ቀን ነው? ሲያበቃስ ማን ነው የሚነግረው?

ሮዳስ


ገንዳ ውሃ፣ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ የእናትሽ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም፤ የእኔ ነው። በእኛ አገር በድንኳን ሥር፣ በሽማግሌ ፊት እንግዳ የተባለን ሰው ሥራ ማሠራት ቤቱን ያስወቅሳል። እናትሽ መጥረጊያ ቢያስይዙሽ ሰፈሩ በሙሉ «ያን ያህል የተከበረች ልጅ አመድ አስጠረገቻት» ይላል። እኔ ሰባት ንግግር አስደርጌ በእናንተ መሃል ግንብ ገነባሁ።

ያን ያህል ለምን እንዳበዛሁት አሁን ልንገርሽ፤ በአካል እነግርሻለሁ ብዬ በአካል ስንገናኝ ድፍረቱን ያጣሁበት ነገር ነው። በ1994 ዓ.ም. እናትሽና አባትሽ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው ነበር። ሁለቱም ያኔ አልጋ መጠፈር ተምረው እዚሁ ሊቀሩ ሲያስቡ አባትሽ ሞተ። እናትሽን ደግሞ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ጣላቸው። አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ጉዳይሽን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከሐኪም የሰማሁትን ይዤ «እናትየዋ የመዳን ተስፋ የላቸውም፤ ሌላ ዘመድ የለም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። በቅን ልብ ነው የጻፍኩት። እሳቸውም ለጉዲፈቻ እንድትሰጪ ተስማምተው ጣታቸውን አተሙ። ከስምንት ወር በኋላ ግን ገበያ ላይ በእግራቸው ቆመው አገኘኋቸው። «ልጄስ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሳቸው ሰላምታዬ ከማንም ይልቅ ረጅም ነው። ድንኳኑም ባነሩም የዚያ ጥያቄ መልስ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለእናትሽ ይቅርታ ከጠየቅሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ «እርስዎ ባይጽፉ አብራኝ ትሞት ነበር» ብለው ዘግተውታል። ላንቺ ግን ዕዳው አልተዘጋም።

አሁን ወደ ሥራው። ላግዝሽ ብለሽ አትጠይቂ፤ እንግዳ ሥራ ስጡኝ ሲል ባለቤቷን ቤትሽ ጎደለ እንደ ማለት ነው፤ በጠየቅሽ ቁጥር ይብስባቸዋል። እኔ ለራሴ አንድ አልጋ አዝዣለሁ። የዋንዛው እንጨት ተሠርቶ ነገ በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ይመጣል፤ ቆዳውም አሁን ተነክሯል። ጠፍር ሲሳብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። ከእናትሽ ጋር የምትስበውን ማስተዋልን የማኅበሩን ሥራ እንድታስተዋውቅ ብዬ ለአራት ቀን ወደ ሳንጃ ከተማ ልኬአታለሁ። እርጥብ ጠፍር በመተማ ፀሐይ አራት ቀን አይደለም አራት ሰዓት አይጠብቅም።

ዝም ብለሽ ጫፉን ያዢ። ይህን ደብዳቤ ደግሞ አንብበሽ ቅደጂው፤ በዚህ ዕድሜዬ ሴራ ቢገኝብኝ ደግ አይደለም።

ደረበ


መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሽ ደረበ፣

«አልጋዬ ደረሰ ወይ?» ብለው ልከዋል። አልደረሰም። ተሰብሯል። የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ቆዳው ወጣ፣ ተተለተለ፣ እርጥብ ጆንያ ተደረበበት። እናቴ ማስተዋልን ትጠብቃለች። ማስተዋል ሳንጃ ናት ተባለ። እናቴ ጠፍሩን አየች፤ ፀሐይዋን አየች። ሩፊዳን ጠራቻት። ሩፊዳ ጫፉን ያዘች፣ አንዴ ሳበች፣ «ኸላስ! በቃኝ! እኔ ሻይ ነው የማውቀው!» ብላ እየሳቀች ሄደች። ያን ጊዜ ተነሥቼ በወዲያኛው በኩል ተንበረከክሁና ጫፉን ያዝኩ። አልጠየቅሁም። እናቴ አፏን ከፈተች፤ ፀሐይዋን እንደገና አየች፤ ዘጋችው።

እስከ ቀትር ድረስ ሳብን። እጄ ያውቃል፤ ሥራዬ ነው። እያንዳንዱን ጠፍር እንደ ወንበሮቼ አጥብቄ፣ እግሬን አግዳሚው ላይ አስደግፌ ሳብኩ። እናቴ አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዝም አለች። እኔ የተደነቀች መሰለኝ። ስንጨርስ አልጋውን መታ አደረግሁት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ኮራሁ።

ለካ እርጥብ ጠፍር ላላ ተደርጎ ነው የሚሳበው። ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል፤ ራሱ ይወጠራል። የእኔ ሲባጎ ደረቅ ነው፤ የሳብኩትን ያህል ሆኖ ይቀራል። ይህን እናቴ ታውቃለች። እየተሳሳትኩ እንደሆነም አይታለች።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ግቢው ውስጥ እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸ። ዶሮዎቹ በረሩ። ሩፊዳ ጎድጓዳ ሰሃኗን ጥላ «ምንድን ነው?» እያለች ሮጠች። የዋንዛው አግዳሚ ከመሃሉ ለሁለት ተሰንጥቋል።

እናቴ ወጣች። አልጋውን አየች። እኔን አየች። ከዚያ የጎጃሟን «እግ!» አወጣችና፦

«አንቺ ልጅ! ማን ነው እንዲህ ሳቢ ያለሽ? ጠፍር ነው በሬ የምትጎትቺ? የሰው እንጨት! የአቶ ደረበን እንጨት!»

«አላወቅሁም…»

«አላወቅሁም! የአባትሽ እጅ ነው! ልክ እሱን! ላላ አርግ፣ ላላ አርግ እያልሁት ሦስት አልጋ ገነጠለብኝ፤ ዐሥር ጊዜ ብነግረው አይሰማ፤ አንቺም ጆሮሽ የሱ ነው መሰለኝ!»

ጋሽ ደረበ፣ ስለ አባቴ የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። እጄ የሱ እንደሆነ።

«ታውቂ ከነበር ትናንት ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት።

«እንግዳ ይታረማል?» አለች። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ሳቄ መጣ፤ እንባም አብሮ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ሥራ ነበረባት! ያልተሰነጠቀውን ጎን በእጇ እየዳሰሰች፣ ቀና ሳትል፦

«ምን ትገተሪያለሽ? ይህን ፈትተን እንደገና መንከር አለብን። ጀሪካኑን ይዘሽ ቦኖ ሂጂ። ሁለቱንም። ከወረፋው እንዳትወጪ፣ እንግዳ ነኝ ብለሽ ቅድሚያ ስጡኝ እንዳትዪ!»

ሮጥኩ። ሩፊዳ ከኋላዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፦ «ሰዎች ስሙ! ዛሬ ከእንግድነት ተሻረች!» ወረፋው አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ማንም ቅድሚያ አልሰጠኝም። ስመለስ «የት ቆየሽ?» ተባልኩ።

ስለ ወረቀቱ የጻፉልኝን በደንብ አንብቤአለሁ። እናቴ እንዳለችው እኔም እላለሁ፤ ተዘግቷል። ስለ እንጨትዎ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንደገና እሠራዋለሁ፤ እስከዚያ ወለል ላይ እንዳይተኙ።

ሮዳስ

(ደብዳቤዎን አልቀደድኩትም። ይቅር ይበሉኝ።)


ገንዳ ውሃ፣ ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

ከእንግድነት መሻርሽን የሚገልጸው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ብዙ የሹመትና የሽረት ደብዳቤ ተቀብያለሁ፤ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ተነሥቼ ያጨበጨብኩለት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስለ እንጨቱ አትጨነቂ። ሌላ አዝዣለሁ። አራት ቀኗ ቢያልፍም ማስተዋል ከሳንጃ እንዳትቸኩል ነግሬአታለሁ።

ደረበ


ገንዳ ውሃ፣ የካቲት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

በመጀመሪያ ለአሳዳጊ ወላጆችሽ፣ ቀጥሎ ለወይዘሮ ጸዳለ፣ ከዚያም ላንቺ ሰላምታዬ ይድረስ። በሰላም መግባትሽን በመስማቴ አምላክን አመሰገንኩ። አሳዳጊ አባትሽ አማርኛ መማር መጀመራቸውን ስትጽፊልኝ ደግሞ አንድ ደብዳቤ በስማቸው እንደሚገባ አሰብኩ፤ ሰሞኑን ይደርሳቸዋል።

ለከባዱ ጥያቄሽ ብዬ ነው መልሴ የዘገየ። «እናቴ በመሄጃዬ ቀን ለምን አልሸኘችኝም? አስቀይሜአት ይሆን?» ብለሻል። እጃቸው እርጥብ ቆዳ ውስጥ እንዳለ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል!» እንዳሉሽ፣ አንቺም እስከ ጎንደር ይህን ስታስቢ እንደሄድሽ ጽፈሽልኛል።

እኔ ያን ቀን ልሸኝሽ ሱፌን ለብሼ፣ መኪና ተውሼ መጥቼ ነበር። አንድ የክብር ስጦታም ይዤ ነበር፤ አይዞሽ፣ ባነር አልነበረም። ደረስኩ ስል አውቶቡስሽ ከወጣ ሩብ ሰዓት ሆኖት ነበር። እናትሽን ግቢያቸው ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ቀደም ሲል የነበረውን ስሰማ እኔም እንዳንቺ ደነገጥኩ፤ እንዲያውም ተቆጣሁ።

«ወይዘሮ አሰፋች፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ልጅ እንዴት ሳትሸኝ ትሄዳለች?» አልኳቸው። «የእኛ አገር ሰው እንኳን ልጁን፣ መንገደኛ እንኳ ቢያድርበት እስከ መንገዱ ይሸኛል!»

«መንገደኛን አዎ» አሉኝ። «እንግዳ ይሸኛል። የቤት ልጅ ሥራ ሄዳ ትመጣለች እንጂ ትሸኛለች እንዴ? የትኛው ቤት ነው የገዛ ልጁን እንደ እንግዳ ተሰልፎ የሚሸኝ? ሸኝቻት ዳግም እንግዳ ላደርጋት ነው?»

በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው በእሳቸው ፊት ቃል ሲጠፋኝ፤ የዚህኛው ግን ጣፋጭ ነበር።

«ደግሞ ነግሬአታለሁ» አሉ ቀጥለው፤ «ለኅዳር ትምጣ። ሰሊጥ ሲገባ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ይኖረዋል፣ አልጋ ይበዛል። የእሷ እጅ ጠንካራ ነው፤ ላላ ማድረግ ብቻ ነው የቀራት። ዘግይታ ብትመጣ ግን እኔና እሷ እንጣላለን፤ ይህን ይጻፉልኝ።» እነሆ ጻፍኩ። እስከሚገባኝ ድረስ ይህ ግብዣ አይደለም። ትእዛዝ ነው።

ከዚያ የሆነውን ለማንም አትንገሪ። ማስተዋል ገበያ ሄዳ ነበር፤ የገላባቱ ገዢ አልጋ በግማሽ ቆሟል፤ ፀሐይዋም እየበረታች ነበር። እናትሽ አዩኝ፤ ሱፌን አዩት፤ «አቶ ደረበ፣ ቆመው ከሚያዩኝ ያን ጫፍ ይያዙልኝ» አሉኝ። ኮቴን አጥር ላይ ሰቅዬ ተንበረከክሁ። ሩፊዳ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ያ ሰላም! ዛሬ ደግሞ አቶ ደረበ ተሻሩ!» አለች። ሁለት ሰዓት ሳብን። ሦስት ጊዜ «ላላ ያድርጉ!» ተብያለሁ፤ አንድ ጊዜም «ኧረ እርስዎም እንደዚያች ልጅ!» ተብያለሁ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ሽልማት ይዤው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጄ ሮዳስ፣ ርቀሽ ሳትርቂ ስለ መጣሽ፣ በእኔ ስሕተት ላይ ስላልቆየሽ፣ ለእናትሽም የሚቆጧትን ልጅ ስለ መለስሽላቸው ከልብ አመሰግንሻለሁ። ያሳደጉሽን ወላጆችሽንም በዚህ አጋጣሚ በማኅበራችን ስም አመሰግናለሁ። በእጅሽ ለምትሠሪው ሥራ ሁሉ መልካም ስኬት፣ ለመንገድሽ ሰላም፣ ለቤታችሁም በሁለቱም በኩል ጤናና በረከት እመኛለሁ።

ደረበ ምንይችል